ሎሚ የማይፈልግ ዓሣ

ጅቡቲ ከተማ ፈረንሳዮች ቤት ለሠራተኝነት ስገባ ዓሣ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ማዳም "ዶራድ" የምትለውን ዓሣ ከማዕከላዊ ገበያ ገዛሁና እንደ ዶሮ ገነጣጥዬ፣ ሽታው እስኪጠፋ በሎሚና በጨው አሸሁት። ማዳም ከነጭንቅላቱ ሙሉውን ነበር የፈለገችው፤ ጮኸችብኝ።

ይህን ለዓሣ ሻጩ ነገርኩት። ወጣትነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ የመናዊ ሽማግሌ ነው፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ስሄድ "ልጄ፣ ሎሚሽን ይዘሻል?" ይለኝ ጀመር። ከቤት የምወጣው ለዓሣ ብቻ ስለነበር በአማርኛ የሚያናግረኝም እሱ ብቻ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ዶራድ ከገበያው እየጠፋ መጣ። "ጀልባዎቹ ባዷቸውን ይመለሳሉ" አለኝ። "ውጭ አገር ግን ባሕሩን በመረብ አጥረው እየቀለቡ ያረቡታል አሉ። አየሽ፣ እነሱም ዶሮ አደረጉት!"

ብዙም ሳይቆይ ማዳም ከግሪክ የመጣ፣ ታጥቦ የታሸገ፣ በረዶ የሆነ ዶራድ ከሱፐርማርኬት ታመጣ ጀመር። "ከእንግዲህ በዚህ ሙቀት ገበያ መሄድ ቀረልሽ፤ ተገላገልሽ" አለችኝ።

"ሜርሲ፣ ማዳም" አልኳት።

ሐሙስ ሲደርስ ያንን ምንም የማይሸት ዓሣ በሎሚ አሸሁት። የሚስቅብኝ ግን አልነበረም።