የእሳት አንዳጁ ጥሩምባ

ዕድሜውን ሙሉ የከሰል አቧራ ሲምግ የኖረው ዋልት ዳውስ፣ ከመንደሩ የሙዚቃ ባንድ መሣሪያ ሁሉ ብዙ ትንፋሽ የሚጠይቀውን ትልቁን ጥሩምባ ለምን መረጠ? ሚስቱ አይቪ ስትጠይቀው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሻዩን ይጠጣል። ራሱም አያውቀው።

ዋልት የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ባቡር ላይ ግን ሠርቶ አያውቅም። ሐዲዱ ሃምበር ወንዝ ዳር ሲያልቅ ተሳፋሪውን ተቀብላ ማዶ ወዳለችው ሃል ከተማ የምታሻግረው ባለመንኮራኩሯ የእንፋሎት መርከብ «ሊንዚ» የድርጅቱ ናት። ዋልት ከሆዷ ውስጥ ሆኖ እሳቷን ያነድዳል።

በዚያ ቅዳሜ የባሮ መንደር ባንድ ለሙዚቃ ውድድር በሊንዚ ወደ ሃል ይሻገር ነበር። ባሮ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። የዋልት ፈረቃ የሚያበቃው ሃል ሲደርሱ ስለሆነ፣ ጥሩምባውን ለጓደኞቹ አደራ ብሎ ወደ እሳቱ ወረደ።

መሃል ወንዝ ላይ ሊንዚ ተንገጫግጫ ቆመች። አሸዋ ላይ ወጥታለች፤ እንደ ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላውና የሚጎድለው የወንዙ ውሃ ደግሞ እየሸሸ ነው። ቶሎ ካልተላቀቀች ውሃው እስኪመለስ እዚያው መዋል ነው፤ ውድድሩም አለቀለት።

«የባቡር ልጅ አይደለች? ጣቢያ የደረሰች መስሏት ነው!» አለች ዶሮ በቅርጫት የያዘች ሴት።

ካፒቴን ስቲክኒ እንደ ልማዳቸው ተሳፋሪው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሮጥ አዘዙ፤ መርከቧ እየተወዛወዘች አሸዋውን እንድትለቅ። ግን አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለሳል፤ ይጋጫሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሊንዚ ንቅንቅ አላለችም።

ዋልት በመሰላሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ የባንዱን መሪ ጠራው።

«ኤኖክ! ምን ትጠብቃለህ? ምታላቸው እንጂ!»

«ያላንተ ጥሩምባ?»

«አሁን የኔ ጥሩምባ አካፋው ነው። ጀምር፣ ወንድሜ!»

ባንዱ የሰልፍ ማርሹን ለቀቀው። ሰዉ በምቱ እኩል ረገጠ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ባለዶሮዋም ቅርጫቷን አቅፋ ትረግጣለች። ዋልት ከታች በዚያው ምት ከሰሉን ይወረውራል። እንፋሎቱ ጉልበት አገኘ፣ መንኮራኩሮቹ ጭቃ እየተፉ ዞሩ፣ ሊንዚም ተንሸራታ ወጣች። የሰዉ እልልታ ሃል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሃል ሲደርሱ ለመታጠብ ጊዜ አልነበረም። ዋልት ከሰሉን እንደ ለበሰ መድረክ ላይ ወጣ።

«ይሄን ከየት ጉድጓድ ቆፍራችሁ አመጣችሁት?» አለ የሌላ ባንድ ሰው።

«ሲነፋ ታውቀዋለህ» አለው ኤኖክ።

ነፋ። የአዳራሹ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ዋንጫው ለባሮ ሆነ።

በሊንዚ ሲመለሱ ዋንጫው ቢራ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ካፒቴኑም ተጎነጩ። ዋልት ግን ከመሃላቸው አልነበረም። ወደ ታች ወርዶ፣ ጥሩምባውን አቅፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ያነደደውን እሳት ይሞቅ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሊንዚ አሸዋውን አልፋ ስትሄድ፣ እንቅልፍ ወሰደው።