ሦስተኛው ፓወር ሰፕላይ

የቤቴ ኮምፒውተር በተከታታይ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አቃጠለብኝ። አዳማ ላይ መብራት ሄድ መጣ ስለሚል በእሱ አሳበብኩ። ሦስተኛውን ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ግን "ወንድሜ፣ ዋቱ አንሶት ነው" ብሎ አስደነገጠኝ።

ትንሹን ብወስድ ይቃጠላል፤ ትልቁ ደግሞ ሌላውን ዕቃ ቢያቃጥልብኝስ? በዚያ ሙቀት ላቤ ጠብ እስኪል ሳገላብጥ ቆየሁና ትልቁን ይዤ ቤት ገባሁ።

ገጠምኩት። የኮምፒውተሩን ክዳን ለማሰር መፍቻ ፍለጋ ጓዳ ደርሼ ስመለስ እናቴ አጠገቡ ቆማለች። ክዳኑን አሰርኩ፣ ሶኬቱን ሰካሁ። ማብሪያውን ልጫን ስል ወደ እናቴ ዞር አልኩ።

"እማዬ፣ ይሄም ቢቃጠልስ?"

"አይዞህ ልጄ" አለችኝ፣ ባዶውን የጸበል ጠርሙስ እየከደነች። "እንደ በፊቶቹ ሁሉ ይሄንንም ውስጥ ውስጡን ረጭቼልሃለሁ።"