ታርጋው የተጻፈበት ደብዳቤ

አሰላ ባለው ጋራዣችን ውስጥ እያንዳንዱ መኪና ካርድ ነበረው። ዘይት የሚቀየርበት ወር ሲደርስ ለባለቤቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ደንበኛ የምንጠራው በዚህ ነበር።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ከነዚህ ደብዳቤዎች አንዱን ይዘው ከኦጎልቾ መጡ። በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ በሣር ጠርገው ገቡ። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ደብዳቤውን ከኮፍያቸው ውስጥ አወጡት፤ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ ጠርዙ ሳስቷል። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም፤ ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ ያያሉ።

"መኪናዎን የት አቆሟት?" አልኳቸው።

"እናንተ ጋ ናት እንጂ!" አሉ ፈገግ ብለው። "ፊደል አልቆጠርኩም፤ ታርጋዋን ግን አውቃለሁ። ደብዳቤው ላይ ሳየው ተገኘች ብዬ መጣሁ። ሾፌሩስ የት አለ? ከዲሮ ይባላል፤ የእኔ ልጅ ነው።"

ካርዱን ገለበጥኩት። ከጀርባው በገዛ እጄ "ከነሾፌሯ ለዘመቻ ተወስዳለች" ብዬ ጽፌያለሁ። ከጻፍኩት ሁለት ዓመት አልፎታል።

"ይቅርታ አባባ፣ መኪናዋ እኛ ጋ የለችም፤ የካርዱን ጀርባ ሳላይ ነው የጻፍኩልዎ" አልኩ፤ ቀና ማለት አቃተኝ።

ደብዳቤውን አጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ መለሱት።

"አይዞህ" አሉኝ። "ከሄደ ወዲህ የጻፈልኝ አንተ ብቻ ነህ።"