ለአባቴ በካሬ የቆጠርሁት ፊደል

ወረታ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። አባቴ ሸማኔ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሩዝ ያርማሉ። አምና ሲያርሙ ባለ ቁልፍ ስልካቸው ማሳው ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ። ሲሙን አውጥቼ ተች ስልክ ውስጥ ከተትሁላቸው።

«ይሄማ አይነበብም» አሉ። «የፊተኛው ፊደል እንደ ጥለት የሚቆጠር ነበር። ይሄ ዘይት የፈሰሰበት ነው የሚመስል።» መነጽር ቢያደርጉም ዓይናቸው ደክሟል። ስለዚህ ወንድሜ በመተማ በኩል ከተሰደደ ወዲህ የሚልከውን መልእክት እኔ አነብላቸው ጀመር።

ችግሩ፣ ወንድሜ መላክ አቆመ። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። «ምንም አላለ» ማለት አቃተኝና አንድ ቀን «ደህና ነኝ ይላል» አልሁ። በሳምንቱም እንዲሁ፤ «ሸማው እንዴት ነው?» የሚል ጨመርሁበት። እውነቱን ልናገርና ምንም አልተሰማኝም። የማላውቀውን ሰው ስልክ ስጠግን እንደምሆነው ነበርሁ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ «ፊደሉን እንደ ድሮው አድርገሽ ሥሪልኝ፤ ራሴ ላንብብ» አይሉም! ጉዴ ፈላ። እምቢ የምልበት አፍ ግን ከየት ይምጣ? የድሮ ስልክ ፊደል ከጥቃቅን ካሬ የሚገጣጠም ስለሆነ ባለካሬ ደብተር ገዛሁና እያንዳንዱን ፊደል በስምንት ካሬ ወርድ፣ በስምንት ካሬ ቁመት እያጠቆርሁ ያዝሁት። ፊደላችን ደግሞ ማለቂያም የለው! «ጨ» ላይ እግሮቹ እየተጣበቁ ቢያስቸግሩኝ አባቴ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ደብተሩን አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት።

«የሞላውን አትቁጠሪ፤ ክፍተቱን ቁጠሪ። ክፍተት ከሌለው ጥለት አይታይም» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ካሬ በካሬ አጠራሁት። ውሸቴን የሚያጋልጠውን ነገር በገዛ እጄ ሞላሁት። ደንዝዤ ነበር።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ኮምፒውተር ላይ ፎንት አድርጌ ስልካቸው ላይ ጫንሁና ሰጠኋቸው። መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቧቸው። የወንድሜ የመጨረሻው መልእክት የአምና ነው።

«አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«አውቄው የለ እንዴ!» አሉ፤ ቁጣም የለባቸው። «አንቺ ያነበብሽልኝ ሁሉ ‹ሸማው እንዴት ነው?› ይላል። እሱ ስለ ሸማ ጠይቆ ያውቃል? የሸማኔ ልጅ ቢሉት ተናዶ አይደል የሄደ?»

አፈርሁ። ሸማውን የምጠይቅስ እኔ ነኝ።

«ታዲያ ፊደሉን ለምን አሠሩኝ?»

«የጻፈ ለት በዓይኔ ልየው ብዬ ነዋ።»

አሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሥራቸውን ትተው ያነሱታል። የሚመጣው የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነው። እሳቸውም ያውቁታል። ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንዲት ፊደል ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ያነቡታል።