በንስሐ ድንጋይ የቆመው ትምህርት ቤት

ነሐሴ ሲጋመስ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ከወረታ በታች የራሰ ዋልካ አፈርና የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ዛሬ ከሩዝ ወፍጮ ቤቶች የሚነደው እብቅ ተጨመረበት እንጂ የጥንቱ ሽታ ነው። ሌላው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔን ግን፣ አርባን ካለፍሁ በኋላ እንኳ፣ ዛሬም ያስፈራኛል፤ በልጅነቴ ይህ ሽታ መጣ ማለት ትምህርት የለም፣ ትምህርት ከሌለ ደግሞ ባል አለ ማለት ነበራ!

የቄስ ልጅ ነኝ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ሚስት ያገባልና ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በካህን ቤት ነው። ታላቅ እህቴ ጥሩዬ፣ ውሃው የጭቃ ትምህርት ቤታችንን እስከ ኅዳር በዘጋበት ዓመት፣ ገና ልጅ ሳለች ወደ አንበሳሜ ተዳረች፤ በመጀመሪያ ወሊዷም ሞተች። ቀጥሎ እኔ ነበርሁ። ከይፋግ አንድ ዲያቆን ሽማግሌ ሲልክ አባዬ «ትምህርቱ በመስከረም ከተከፈተ ትማራለች፤ ካልተከፈተ የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ቆረጠ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ያን ዓመት መሐንዲሱ ጋሼ ይልማ መጣ። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ከአዲስ አበባ ለወረዳው ሥራ የተላከ፣ የግራና የቀኝ ካልሲው ተስማምቶ የማያውቅ ቀጭን ሰው ነበር። መጀመሪያ የራሱን ቤት ሠራ፤ ጣሪያው የተገለበጠ ታንኳ፣ መስኮቶቹ ወለሉ አጠገብ። «ሰው የሚኖረው ተቀምጦ ነው፤ ቆሞ ውጭ ውጭ የሚያይ ዘበኛ ነው» ይል ነበር፤ ፍየሎችም በዚያው መስኮት አንገታቸውን አስገብተው ምሳውን ይበሉበት ነበር። ቀጥሎ ለከብት ገበያው እንደተጣመሙ በቆሙ የዋንዛ ግንዶች ላይ ዳስ ጣለ። ሰዉ «እብዱ መጥረቢያ ጠፋበት» እያለ ሳቀ፤ ፀሐይ ስትጠና ግን የሳቀው ሁሉ ከሥሩ ተጠለለ።

ሦስተኛው ሐሳቡ የእኛ ትምህርት ቤት ነበር። «ይህ የፎገራ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቤት አይተከልም፣ በድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣል» አለ። ድንጋዩ ግን ያለው ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ነው፤ ወረዳውም ማመላለሻ የለንም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። እሱ አባዬ ዘንድ መጣና «አባ፣ ለንስሐ ልጆችዎ ስግደት ያዝዙ የለም? ለእኔ ድንጋይ ይዘዙልኝ» አለው።

አባዬ ተቆጣ። «የመንግሥት ቤት በንስሐ ይሠራል እንዴ?» ብሎ አስወጣው። ሰንብቶ ግን «ፊደልም የእግዜር ነው» ብሎ ተስማማ፤ ንስሐ የገባ ሁሉ እንደ በደሉ መጠን ድንጋይ ተሸክሞ መደቡ ላይ እንዲያኖር አዘዘ።

ወይ አባዬ! የወረታን ዓይን ረሳው። መንገዱ በገበያው መካከል ያልፋልና ትልቅ ድንጋይ የተሸከመ ሁሉ «ምን ቢሠራ ነው?» ተባለ። አንዲት ጠላ ሻጭ ወፍጮ የሚያህል ብትሸከም ባሏ ሽማግሌ ሰበሰበባት፤ ምስኪን፣ ጠላውን በውሃ ከማቅጠን ሌላ በደል አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ ቅዱስ ሆነ፤ የሚመጣው ሁሉ እንቁላል የምታህል ጠጠር። ሰኔ ገባ፣ መደቡ ከጉልበቴ አላለፈም። የይፋግ ሽማግሌዎች ቤታችን ብቅ ማለት ጀመሩ፤ እኔም ፈራሁ፣ በየጓሮው ተደብቄ አለቀስሁ። ጋሼ ይልማ ትከሻው እስኪቆስል ብቻውን ይመላለስ ነበር። አባዬ ሲያዝንለት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እኔ ብቻዬን ምን ልሁን አባ?» አለው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አባዬ ጥምጥሙን እንዳሰረ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣውን ድንጋይ በጀርባው አዝሎ፣ እያቃሰተ በገበያው መካከል መጣ። አንድ የጨው ነጋዴ ብድግ ብሎ «ኧረ አባታችን! እርስዎ ደግሞ ምን በድለው?» አለው።

አባዬ ቆመ። «ጥሩዬን» አለ፣ ሁሉም እየሰማ፤ «ልጄን ያለ ዕድሜዋ ድሬ ቀበርኋት።»

ነጋዴው ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በትልቅ ድንጋይ የሚያፍር ጠፋ፤ ጠጠር ያመጣ ነው የተሳቀበት። መደቡ ሐምሌ ሳይጋመስ ደረቴ ደረሰ፤ ቤቱም በላዩ ተቀመጠ።

ጋሼ ይልማ ቆርቆሮው እንደተመታ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ «ውሃው የት እንደደረሰ ንገሪኝ!» ብሎ ጮኸልኝ። ነሐሴ ርብ መጣ፣ ሜዳውን ዋጠ፣ ደረጃችን ላይ ወጣና ከደጃፉ በታች ቆመ። መስከረም ላይ በታንኳ እየሄድን ተማርን። የይፋጉ ዲያቆን ሌላ አገባ፣ እግዜር ይባርከው።

ዛሬ እዚያው አስተማሪ ነኝ። የታንኳው ቤት ፈርሶ ሆቴል ቆሞበታል፣ ዋንዛዎቹም በብረት ተተኩ። አባዬ አርፏል። ንስሐ ብሎ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ካየሁ ዘመን ሆነኝ። በቀደም ደግሞ መደቡን አፍርሰን ድንጋዩን ለመንገድ እናውለው የሚሉ መጡ፤ «መጀመሪያ የማን ኃጢአት እንደሆነ ጠይቁና አንድ በአንድ ለባለቤቱ መልሱ» ብዬ አባረርኋቸው። ይመለሳሉ፤ ይመለሱ! እኔም ከዚህ አልነቃነቅም።

ስለ ጋሼ ይልማ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ አጣሁ። ስለዚህ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ብቻዬን እወርድና ደረጃ በሆነው የአባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ፦ «ጋሼ ይልማ፣ ዘንድሮም ከደጃፋችን በታች ነው።»