ጋሼና ከኋላ የምትገፋዋ አውሮፕላን

ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ አንድ ቀን ተገልብጦ አያውቅም። ይኼን እኔ ሳልሆን እሱ ራሱ ነው የሚነግራችሁ፣ ገና ስማችሁን ሳይጠይቅ። «ሃያ ሰባት ዓመት! ጎማዬ ሰማይ አይቶ አያውቅም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ድሮ መኪናው ሲጫን ሌላው ሹፌር ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ጋሼ ግን ከጎን ቆሞ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና «ያን ጆንያ ወደፊት! እሱን አይደለም፣ ወንድሙን!» እያለ ጫኞቹን ያሳብዳቸው ነበር። ክብደቱ የት ጋ እንደበዛ ጎማውን አይቶ ብቻ ያውቃል።

ጡረታ ሲወጣ ይኼን አመሉን ቤት ይዞት ገባ። ቁም ሳጥኑን አየት አድርጎ «ይኼ ወደ ግራ አጋድሏል» ይልና ጠዋቱን ሙሉ ልብሳችንን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲያዘዋውር ይውላል። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ ነው የምላት፣ አልጋዋ ላይ ሆና «ሹፌሩ፣ ቤቱ እኮ ቆሟል፣ የትም አይሄድም» ትለዋለች። በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሹፌሩ ነው፣ በቃ።

እትዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ልቧ ደከመ፤ ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር ባለበት እንዳትደርስ ከለከላት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥዬ ቤት ተጎልቼ ስለነበር እናቴ «እንግዲያው ሂጂና እትዬሽን አገላብጪ» ብላ ላከችኝ። አጥባታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥራለሁ፣ ሲደብራት የጎረቤቱን ሁሉ ድምፅ እያወጣሁ አስቃታለሁ። ጋሼን ሳወጣላትማ ትራሱን አፏ ላይ ትጭናለች። «ተይ አንቺ ጉድ፣ ልቤን ልታቆሚው ነው!»

ከዚህ ሌላ የሚያስቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሚያስቃት አይደለም፣ የሚያኖራት ማለቴ ነው።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ከኔ በአራት ዓመት ትበልጥ ነበር። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሰኞ ራሴን አለች፣ ቅዳሜ ቀበርናት። መቃብሩ ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ጀርባ ነው። መኪና አይደርስም፤ መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ወደ ማዶ መውረድ ነው። ያኔ እትዬ እግር ነበራትና ራስጌዋ ላይ የጃካራንዳ ችግኝ ተከለች። በየሳምንቱ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ያን ሁሉ ደረጃ ትወጣ ነበር። እግሯ ሲከዳት ዛፏን ጋሼ ተረከባት። እሁድ እሁድ ይሄድና ሲመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«እንዴት ናት?»

«አድጋለች። ከኔ በላይ ሆናለች።»

«ጥላስ ይዛለች?»

«ኧረ ሰው ታስቀምጣለች።»

በአበባው ወር ደግሞ አንድ ዘለላ ሐምራዊ አበባ ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ ያደርግላታል። እስኪጠወልግ አትለቀውም። የሚያወሩት ስለ ልጅቷ ይሁን ስለ ዛፏ አንዳንዴ ለኔም አይለየኝም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ ሽቦ መጣ። ሽቦ ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ ያለው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ቀጭን ስለሆነ ይሁን ኪሱ ሁሌ ሽቦ ስለሚሞላ እንጃ፣ የሚያውቀው ሁሉ ሽቦ ነው የሚለው። ሥራ ሲፈታ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራል። የኛን ቴሌቪዥን ሊያይ የመጣ ቀን፣ አውሮፕላን ላይ በገጠማት ካሜራ ሰፈራችንን ከላይ ቀርጾ ነበርና ለእትዬ በስልኩ አሳያት። ጣሪያችንን አየች። ጣሪያው ላይ የኔን አንድ እግር ነጠላ ጫማ አየች።

«ድመቷ ወሰደችው ያልሽው ይኼ ነው?»

«ወደ ድመቷ የወረወርኩት ነው» አልኩ። ሦስታችንም ሳቅን። እትዬ ግን ስልኩን አልመለሰችም።

«ሽቦ፣ ይኼ ነገር ከኮረብታው ጀርባ ያያል?»

«እንዴታ! ከፍ ካለ የማያየው የለም።»

«ዛፌንም?»

ሽቦ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ነበር የሚያየው።

«ዘንድሮ አበባው ሳይረግፍ ዛፌን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «አንዴ ልያትና ከዛ የመጣው ይምጣ።»

«እሺ» አለ ጋሼ። ሌላ ምን ይበል?

በማግስቱ ሳሎናችን ጋራዥ ሆነ። የሽቦ አሮጌ አውሮፕላን የምትሽከረከረው ፕሮፔለሯ ከፊት ስለሆነች ካሜራውን ትጋርዳለች፤ ስዕሉ ላይ ጥቁር ነገር ሲወራጭ ነው የሚታየው። ስለዚህ አዲስ ትሠራ ተባለ፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የምትገፋ። አፍንጫዋ ለካሜራው ባዶ፣ ሞተሩ ከክንፉ ኋላ፣ ጅራቷ ደግሞ ከክንፉ በወጡ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ላይ፣ ፕሮፔለሯ በዘንጎቹ መሃል የምትሽከረከር። ጋሼ የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የነበረውን ነጭ ፎም በስለታም ቢላ ቆረጠ፤ ክንፉን በአሸዋ ወረቀት ሲያለሰልስ ቤቱ ሁሉ በረዶ የጣለበት መሰለ። ዘንጎቹን ከተቀደደ ድንኳን አወጣ። እትዬ በተከፈተው በር እያየች «ያ ክንፍ አልተጣመመም?» ስትለው፣ እሱ ደግሞ «አንቺ ተሳፋሪ ነሽ፣ ሹፌር አታነጋግሪ» ሲላት ነው የሚውሉት።

ሞተሩን መጀመሪያ ያስነሱት ቀን ጉድ አየን። ነፋሱ ወደ ኋላ መሄድ ሲገባው ወደ ፊት መጣና ያን ሁሉ የፎም ዱቄት ፊታችን ላይ ነፋው። ጋሼ ዱቄት የተነሰነሰበት ዳቦ መስሎ «ሽቦ፣ ሪቨርስ ላይ ነህ!» ብሎ ጮኸ። ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየሩና ዙሩ ተስተካከለ። ያም ሆኖ ግፊቷ ሰነፍ ሆነ። ለካ ሽቦ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለዞረ ፕሮፔለሯንም አብሮ አዙሯት ነበር። ቁጥር የተጻፈበት ፊቷ አውሮፕላኗ ወደምትሄድበት ማየት አለበት፣ ሞተሩ የትም ይሁን የት። ገልብጠው ሲያስሯት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጋዜጣ ጠራርጋ ወሰደችው። እትዬ አጨበጨበች።

የቀረው ሚዛኑ ነበር። ሽቦ ከክንፉ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ። «በሁለት ጣት እዚህ ጋ ስትነሳ አፍንጫዋን ለመስገድ ያህል ዝቅ ማድረግ አለባት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ቂጧ ከባድ ነው። ባትሪው የግድ አፍንጫዋ ውስጥ፣ ካሜራው ሥር ይግባ። ወደ ኋላ ከሸሸ ሽቅብ ታንጋጥጥና ትወድቃለች።»

«ለኔ ነው ስለ ጭነት የምትነግረኝ?» አለ ጋሼ። ባትሪውን አፍንጫዋ ውስጥ በሚጣበቅ ጨርቅ ያዘውና በሁለት ጣቱ አነሳት። ቀስ ብላ ሰገደች። እኔም አየሁ።

ማብረሩን በሽቦ አሮጌ አውሮፕላን በሦስት ሳምንት ለመደው። ሹፌር ሹፌር ነው፤ እንደ ላባ ነበር የሚያሳርፋት።

ቅዳሜ ከኮረብታው ሥር፣ ሥራ ያቆመው የድንጋይ ማውጫ ሜዳ ላይ አዲሷን ለመሞከር ወጣን። ጋሼ «ሽቦዎቹን ልይ» ብሎ ክዳኗን ከፍቶ ትንሽ ነካካ። ሽቦ ከሆዷ ይዞ ወረወራት፤ ሞተሩ የሚነሳው ከእጅ ከወጣች በኋላ ነው፣ አለዚያ ከኋላ ያለችው ፕሮፔለር ጣት ትበላለች። ወጣች፣ ሽቅብ አንጋጠጠች፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመችና በአፍንጫዋ ተተከለች። ጠጋገኗት። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደዛው። ሦስተኛውም ቅዳሜ። ሽቦ ጭንቅላቱን ይዞ «ምልክቱ ትክክል ነው! ሂሳቡ ትክክል ነው!» እያለ ሜዳውን ይዞረዋል።

በሦስተኛው ቀን ስብርባሪውን የለቀምኩት እኔ ነበርኩ። ባትሪው ሞተሩ ሥር ማለት ይቻላል፣ ከኋላ ተጣብቋል። በአፍንጫው የወደቀ ነገር ውስጡ ያለው ወደ ፊት ነው የሚሸሸው፣ ወደ ኋላ አይሄድም። ይኼን ደግሞ ያስተማረኝ ራሱ ጋሼ ነው፣ ጭነት ሲያወራ። ሽቦ እስኪርቅ ጠብቄ ባትሪውን አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይኼን እዚህ ማን አደረገው?»

«ተንሸራቶ ነዋ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ጎማህ ሰማይ አይቶ አያውቅም» አልኩት በራሱ ድምፅ። አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ዛፍ የለም» አለኝ።

«የቱ ዛፍ?»

«የሷ። የመቃብሩን አጥር ሲያሰፉ ያን የዛፍ ረድፍ በሙሉ ቆረጡት። ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ እሁድ ስወጣ ጉቶ ሆና ጠበቀችኝ።»

«አበባውስ? ያ በየጊዜው የምታመጣው?»

«ነዳጅ ማደያው በር ላይ ካለው ዛፍ።» መሬቱን እያየ ነው የሚያወራው። «የዛን ቀን ልነግራት ገብቼ ነበር እኮ። ጥላ ይዛለች ወይ አለችኝ። አፌ ይዛለች አለ። ከዛ በኋላ በየት በኩል ልመለስ? ከአበባው ወር አበባው ወር እየቆጠረች ነው ያለችው። ዛፏ እስካለች የልጄ ነገር አላለቀም ነው የምትለው። አበባው እስኪረግፍ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ እስከዛ አውሮፕላኗ አልበር ብትል፣ ለከርሞ ይባላል። ለከርሞ ደግሞ...»

ቤት ስንገባ እትዬ ስብርባሪውን አየች። አልተቆጣችም፣ እሱ ነው ያስደነገጠን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጫማ አድርጋ።

«በቃ ተውት፣ አትልፉ» አለች። «ቅዳሜ እኔ ራሴ እወጣለሁ። በእግሬ እምቢ ካለ በቂጤ እየተሳብኩ፣ አንድ በአንድ።»

«መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ነው፣ አብደሻል?» አላት ጋሼ።

«ዓመት ሙሉ ቢወስድ ምን አለብኝ? ሐኪሙ ልብሽ ነው ያለው። ልቤ ደግሞ እዛ ነው ያለው።»

እትዬ ያለችውን የማትተው ሴት ናት። ደረጃው መሃል ልቧ ይቆማል፤ ባይቆም እንኳ ያን ሁሉ ተስባ ጉቶ ታገኛለች። ጋሼ ይኼን አሰበ መሰለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ አዲስ አፍንጫ ሠራ።

ቅዳሜ ሽቦ ፒክአፕ ተውሶ መጣ፤ እትዬን ጋቢና አስቀምጠን ወደ ድንጋይ ማውጫው ሜዳ ሄድን። ካሜራው የሚያየውን የምታሳየውን ትንሽ ስክሪን ሽቦ ጭኗ ላይ አደረገላት። እኔ ያበጠርኩት ጸጉር፣ እሷ የመረጠችው ልብስ፣ ሠርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ጋሼ ከመስኮቱ አጠገብ አውሮፕላኗን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ክዳኗን ከፈተ። እኔ እጁን ነበር የማየው። ባትሪውን ያዘ፣ ቆየ፣ ካሜራው ሥር ድረስ ገፋው። በሁለት ጣቱ አነሳት። ሰገደች።

«ስሚ...» አላት በመስኮቱ።

«አሁን አታውራኝ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አብርር።»

ሽቦ ወረወረ። ሞተሩ ተነሳና ምንም ሳትወላገድ ወጣች። «ኧረ በረረች!» ብሎ ሽቦ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ምንም አያውቅም ምስኪን። ደረጃው ታየ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የደቀቀ። ከዛ የኮረብታው ጫፍ፣ ከዛ ማዶው። ነጫጭ ድንጋዮች፣ አዲስ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር በመስመር የተደረደሩ ክብ ክብ ነገሮች። ሐምራዊ የሚባል የለም።

እትዬ ስክሪኑን ወደ ፊቷ አቀረበች። «አለፍካት። መልሳት።»

መለሳት። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች። እትዬ በጣቷ ከመንገዱ መውረጃ ጀምራ የመቃብር ድንጋዮቹን ቆጠረች። አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሁለት ዓመት» አለ ጋሼ። ፊቱ ወደ ሰማይ ነው፤ እጁ ሪሞቱን አጥብቆ ይዟል።

ትጮህበታለች ብዬ ነበር። ልቧ ይነሳል ብዬ መድኃኒቷን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «እኔ ብቻዬን ደስ ሲለኝ፣ አንተ ብቻህን ስታዝን።»

ጋሼ አውሮፕላኗን አወረዳት፤ አሸዋው ላይ አቧራ ሳታስነሳ ተንሸራታ ቆመች። ሪሞቱን ለሽቦ ሰጠው፣ የጋቢናውን በር ከፈተ፣ ግን መግባት አቅቶት እጀታውን ይዞ ቆመ። እትዬ ተስባ ቦታ ለቀቀችለት።

ሽቦና እኔ ሄደን ክንፏን መፍታት ጀመርን። አንድ ብሎን ብቻ ነበረች፣ ፈታናት፣ መልሰን አሰርናት። ከኋላችን ሁለት ሰው ሲያለቅስ ይሰማናል። አልዞርንም።