የኢንተርኔቱ ሳጥን ቁልፍ

ስለ አፀደ ልንገራችሁ። አሰላ ውስጥ፣ አቶ ገብረወልድ ለተማሪ በሚያከራዩት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተጋርተን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ። እኔ ደግሞ፣ ናዝሬት የምባለው፣ ስናደድ ግቢው በሙሉ ይሰማኛል።

ፎቁ ስምንት ክፍል አለው፤ የኢንተርኔት ሶኬት ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ምድር ቤት ብሩህ በሚባል ልጅ ክፍል ውስጥ። የስልክ ዳታ እኛ ሰፈር ጭራሽ ስለማይዝ፣ ላፕቶፓችንን ታቅፈን በሩ ላይ ተራ እንጠብቅ ነበር። ከዚህ ያወጣችን አፀደ ናት። ክረምቱን ከሠራችበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት አሮጌ ራውተርና መስመር የሚያከፋፍል ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ይዛ መጣች፤ እነሱን ብሩህ ክፍል ካለው ሶኬት ጋር አገናኝታ፣ ቅዳሜን ሙሉ መሰላል ላይ ውላ ለየክፍሉ ኬብል ዘረጋች። እንዳይምታታ ብላም፣ እነ አባቷ በጎቻቸውን በክር እንደሚለዩ፣ በየኬብሉ ጫፍ የተለያየ ቀለም ክር አሰረች። የብሩህ ቀይ ነበር።

ብሩህ ግን ጌም ሲጫወት «ዘገየብኝ» ብሎ የራውተሩን ኬብል ከግድግዳው ይነቅልና የራሱን ላፕቶፕ ይሰካል። ያኔ የሁላችንም ይጠፋል። ስንጮህበት «አንድ ዙር ብቻ» ይላል፣ ዓይን አውጣ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ አፀደ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ልትልክ ተቀመጠች። ፋይሉ ግማሽ ሲደርስ ተቋረጠ። ሮጣ ወረደች። ብሩህ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኗል። ሁለታችንም በሩን ስንደበድብ አስራ አንድ አለፈ። ትምህርት ክፍሉ አንዲት ደቂቃ አልጨመረላትም፤ ምረቃዋ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። እናቷ ለድግሱ ጠላ ብቅሉን አብቅላ ጨርሳ ነበር። አፀደ ደውላ «እማዬ፣ ብቅሉን ለሌላ አድርጊው» ስትላት አጠገቧ ነበርኩ። እኔ ብሆን ያን ልጅ በማዳመጫው ገመድ አንቀው ነበር።

አቶ ገብረወልድ ለሽምግልና ተቀመጡ፤ ከተከራዮቹ በዕድሜ የሚበልጠውን ሙህዲንንም ጨመሩ። ብሩህ አንገቱን ደፍቶ ጥፋቱን አመነ። ሽማግሌዎቹም ካሳ ፈረዱ፦ ሶኬቱ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይተከል፣ ራውተሩና ስዊቹ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፉ፣ ቁልፉ የተበዳይዋ ይሁን። ብሩህ ራሱ በሁለት እጁ አቀበላት።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሏት አቶ ገብረወልድ። «ይቅር በይው።»

«ይቅር ለእግዜር» አለች።

ወደ ክፍላችን ስንወጣ ከልቧ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሆድ ይፍጀው» አለችና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

በየሳምንቱ «ንቀይበት» እላት ነበር። አልሰማችኝም። እኔም ብሩህም ተመረቅን፤ እሱማ በጥቁሩ ጋዋን ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ፎቶ ሲነሳ እሷ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጭራሽ «አንሺኝ» ብሎ ስልኩን ሰጣት። አነሳችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ብዙም ሳይቆይ ብሩህ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ታጨ። የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ነበር፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። ያልነገረው ሰው የለም። አፀደንም «አደራ፣ መስመሩን እይልኝ» አላት። «አየዋለሁ» አለችው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከክፍሉ «እንደምን አደራችሁ» ሲል ተሰማ። አፀደ ቁልፉን ካንገቷ አውጥታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ቀዩን ክር ፈልጋ ነቀለችና መልሳ ቆለፈች።  እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ብሩህ በከረባት ወጣ። «አፀድዬ፣ ተቋረጠ! ቶሎ ክፈችው!»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለችው።

«ታርቀን የለም እንዴ?»

«ሽማግሌዎቹ አስታርቀውናል» አለች፤ ደረጃውን ወጣች።

ላፕቶፑን ታቅፎ በባጃጅ ወደ መሀል ከተማ በረረ። እስኪደርስ ተራው ለሌላ ተሰጥቷል። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አቶ ገብረወልድ ጉዳዩን ሲሰሙ በጣም አዘኑ፤ ግን «የፈረድኩትን አልሽርም» ብለው ቁልፉን ተዉላት።

እኔ ሥራ ይዤ አዳማ ገባሁ። አፀደ ዓመቱን ልትደግም እዚያው ቀረች። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለ ብሩህ ጠየቅኳት።

«አለ» አለችኝ። «ሥራ እስካገኝ ብሎ ክፍሉን አልለቀቀም። በየጠዋቱ ‹ማመልከቻ ልልክ ነው፣ እንዳትነቅይብኝ› እያለ በሬን ያንኳኳል።»

«አንቺስ?»



«ፊቱን ሳየው ያ ቀን እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ያኔ ብተወው ኖሮ እኮ ይሄኔ አዲስ አበባ ሄዶልኝ ነበር። ራሴው አስቀረሁት።»